በመጀመሪያ የገቡበት በር

«ልጅሽን በዚህ እጄ አይደል እንዴ የተቀበልኩት? እኮ! ታዲያ ከፍቶ መዝጋት ምን ያቅትሻል? ግዢ አላልኩሽም። ግቢና ውጪ ብቻ፤ በየቀኑ። ሰው ተመልሶ ካልገባላት ልጄን ያባርሯታል።»

እናትየዋ ይህን የምትለው በረንዳው ላይ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆማ ነበር። ጆሮዋ ስለደከመ ስልኩን ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያ ነው የምታናግረው፤ እሷ ግን የምታንሾካሹክ ይመስላታል። ልጇ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የጥርስ ብሩሹ አፏ ውስጥ እንዳለ ቀረች። በመታጠቢያ ቤቱና በበረንዳው መካከል አንድ ክንድ የማይሞላ መስኮት አለ፤ መስታወቱ ከተሰበረ ወዲህ በካርቶን ተደፍኗል፤ ካርቶን ደግሞ ብርሃን እንጂ ወሬ አይከለክልም። የመጀመሪያዋ ሴትዮ «እሺ፣ እሺ፣ በቃ አሁን እገባለሁ» ብላ ዘጋች። ቀጥሎ የተደወለላቸው እናትየዋ «አጎቴ» የምትላቸው የሩቅ ዘመድ ነበሩ። «አልጋውን አዩልኝ ዛሬ?» ስትላቸው ከወዲያ በኩል ሳል ተሰማ፤ ከሳሉ በኋላ «አይቼዋለሁ። ያው ነው፤ ምንም ለውጥ የለውም» አሉ፣ የተኛ በሽተኛ ጠይቀው እንደተመለሱ ሁሉ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገም እንዳይረሱኝ» አለች እናትየዋ፤ ወዲያው ሦስተኛ ሰው ዘንድ መደወል ጀመረች።

ልጅቱ የምትሠራው የቤት ዕቃ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው። ባልደረቦቿ «ቆጣሪዋ» ይሏታል፤ ወደ ድርጅቱ ድረ ገጽ የሚገባ ሰው በየትኛው በር እንደገባ የምትመዘግበው እሷ ናትና። በሩ ብዙ ነው። አንዱ ኢንተርኔት ላይ ሶፋ ሲፈልግ ያገኘዋል፤ ሌላው የተከፈለበት ማስታወቂያ ነክቶ ይመጣል፤ ሌላው የድርጅቱ ሻጭ በየቢሮው እየዞሩ ከሚያድሉት ካርድ ላይ ያለውን የኮድ ምልክት በስልኩ ካሜራ አንስቶ፤ ሌላው ደግሞ እሷ በየሳምንቱ በኢሜይል የምትልከውን ደብዳቤ ከፍቶ፣ ውስጡ ያለውን ሊንክ ተጭኖ። ሰው መጀመሪያ የገባ ዕለት ድረ ገጹ ስልኩ ላይ ትንሽ ምልክት ይተዋል። ከወር በኋላ በፈለገው መንገድ ቢመለስ ምልክቱ አይለወጥም፤ «ይህ ሰው መጀመሪያ የመጣው በዚያ በር ነው» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህንን ነው። «አንዴ የመጣ እንግዳ ነው፤ የተመለሰ ቤተኛ ነው። ቤተኛውን ማን እንዳመጣልኝ ንገሪኝ» ይላል። ላለፉት ሦስት ወራት መልሱ አንድ ነበር፦ ቤተኞቹን ያመጣው የእሷ ደብዳቤ ነው። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ በዚሁ መልስ ላይ ተመሥርቶ ካርድ የሚያድሉት ሻጭ ይቀጥሉ ወይስ ይሰናበቱ የሚለው ይወሰናል።

ቁርስ ሳሎን ውስጥ አብረው ቀረቡ። ቤቱ አንድ መኝታ ክፍልና አንድ ሳሎን ነው፤ መኝታ ክፍሉን ልጅቱ፣ ሳሎኑን እናትየዋ ይዘውታል፤ ሶፋው ሲመሽ አልጋ፣ ሲነጋ ሶፋ ይሆናል። እናትየዋ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ከጫማ ጠጋኙ እስከ ባንክ ሠራተኛው ድረስ የአካባቢውን ሰው ግማሹን እርጥብ ሆኖ ያየችው እሷ ናት፤ እምቢ የሚላት ሰው የለም። ልጅቱ ዳቦውን እየቆረሰች «ለስንት ሰው ነው የምትደውዪው?» ልትላት አፏ ድረስ መጣ። አላለችም። ካልጠየቀች አራት ወይም አምስት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከጠየቀች ግን ቁጥሩ ቁጥር ይሆናል። እናትየዋ ሻይዋን እያማሰለች፣ «ስብሰባሽ ዛሬ ነው አይደል? በስንት ሰዓት አልሽኝ?» አለች። «ስምንት ሰዓት።» «ልክ ስምንት?» «ልክ ስምንት።» «ይቅናሽ የኔ ልጅ» አለች እናትየዋ፤ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

አውቶቡሱ ውስጥ እንደቆመች ነገሩ ከየት እንደጀመረ አሰበች። ለማሰብ ብዙም አልፈጀባትም። ከሦስት ወር በፊት አንድ ምሽት እናትየዋ «ለመሆኑ አንቺ እዚያ ቢሮ ምንድነው የምትሠሪው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ ማስረዳት ሰለቻትና በዚያ ሳምንት የጻፈችውን ደብዳቤ ከፍታ፣ ውስጡ ያለውን ሊንክ ወደ እናቷ ስልክ ላከችው። ሲነካ ሰፊ የእንጨት አልጋ ይመጣል። እናትየዋ አልጋውን እያየች «ውድ ነው» ከማለት ሌላ ምንም አላለችም። ልጅቱም ለቀልድ ያህል «ሰው ተመልሶ እየገባ ካላየው እኔን ይሸኙኛል» ብላ ተኛች። የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር። እናትየዋ ግን በሥራ ዘመኗ ሁሉ «ቀልዴን ነው» የሚባል ነገር የማይነገርበት ክፍል ውስጥ የኖረች ሴት ናት።

ቢሮው ከማሳያ አዳራሹ በላይ ነው፤ ደረጃው ላይ የቫርኒሽ ሽታ አለ፤ መስኮቱ የሚከፈተው ወንበር ተደግፎበት ነው። ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሥራ ጀመረች። እያንዳንዱ ደብዳቤ ለማን እንደተላከ የሚለይ የራሱ ቁጥር አለው። የምታደርገው ነገር ቀላል ነበር፤ «በደብዳቤ የመጡ» የሚለውን ክምር በደብዳቤው ቁጥር መበተን። ደንበኞች ራሳቸው የተላከላቸውን ደብዳቤ ከፍተው የመጡ ከሆኑ ቁጥሮቹ ብዙ፣ በየቁጥሩ ያለው ሰውም አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። በተነችው። ከአሥሩ ቤተኛ ስምንቱ አንድ ቁጥር ይዘው ተሰለፉ። ቁጥሩ ደብዳቤው ሳይወጣ በፊት ለሙከራ ለራሷ የላከችው ቅጂ ነበር፤ ያን ምሽት ወደ እናቷ ስልክ ያሳለፈችው፣ እናቷም ለሰዉ ሁሉ ያዳረሰችው። ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች፣ በየቀኑ፣ አልጋውን ያዩና ይወጣሉ። አንዱም ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። እነሱን አንስታ የቀረውን ደመረች፤ ከሁሉም በር ብዙ ቤተኛ ያመጣው ካርዱ ነበር።

ያሳፈራት ስህተቱ ብቻ አልነበረም። መሳሳት ያለ ነው። ከሁለት ወር በፊት በካርዱ በኩል የሚገባው ሰው በአንድ ሳምንት ሲጨምርባት ሁለት ቀን ሙሉ ቆፍራ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በካርዱ ሲጫወቱ እንደነበር ደርሳበት ነበር። አንድ በአንድ ቀንሳቸዋለች፤ «ቁጥር ንጹሕ መሆን አለበት» ብላ በስብሰባ ተናግራለች፤ ሻጩም «ልክ ነሽ» ብለው ጭንቅላታቸውን ነቅንቀዋል። የራሷ ቁጥር ሲያድግ ግን ምንም አልቆፈረችም። የሌላውን በማጉያ መነጽር አይታ የራሷን በሁለት እጇ ተቀበለች። ከዚያ ሪፖርቱን ከፈተች፤ አዲሱን ቁጥር ጻፈች፤ አጠፋችው፤ እንደገና ጻፈች። «ምልክቶቹ ተደበላልቀዋል፤ ሌላ ሳምንት እንየው» ብትልስ? ያ ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ሳታስቀምጠው ለምሳ ወጣች።

ምግብ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንዱ የሚነቃነቅ። ዋጋው ከተጨመረ ወዲህ የድርጅቱ ሰዎች ግማሽ ሳህን ማዘዝ ለምደዋል፤ አስተናጋጇም «ሙሉ ወይስ የደመወዝ?» ብላ ነው የምትጠይቀው። ልጅቱ ሩዟን ይዛ ጥግ ላይ እንደተቀመጠች ሻጩ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ረጅም ሰው ናቸው፤ ቢሮው ሁሉ «ጋሽ ካርዱ» ይላቸዋል፤ የካፖርታቸው ኪስ ሁልጊዜ በካርድ ስለሚያብጥ። ጠዋት ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ ስለሚውሉ ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጫማቸውን ከተረከዛቸው ማላቀቅ ነው።

«አንቺ ቆጣሪ! ምነው ፊትሽ እንደ ወር መጨረሻ ጠቆረ?»

«እንቅልፍ ነው ጋሼ።»

«እንቅልፍ ማጣትስ ለእኔ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ቀብሬ ነው አሉ፤ ቀባሪዬ ደግሞ አንቺ ነሽ።» ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። ብርቱካን ከኪሳቸው አውጥተው በአውራ ጣታቸው መላጥ ጀመሩ። ትልቋ ልጃቸው ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ እንደምትገባ፣ በዚህ ዕድሜ አዲስ ቦታ ሄዶ «ቅጠሩኝ» ማለት ጥርስ ለሌለው ሰው አጥንት እንደማቅረብ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ቀለል አድርገው አወሩላት። ከዚያ «ዋሺልኝ አልልሽም። ቁጥር ቁጥር ነው። ደግ ቃል ከተረፈሽ ግን ጣል አድርጊልኝ» አሉ።

አሁን ማለት ትችል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ግን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እናቷ በረንዳ ላይ ቆማ ትታያታለች፤ ራሷም ከሁለት ወር በፊት «ቁጥር ንጹሕ መሆን አለበት» ስትል ትታያታለች። «እስቲ እናያለን ጋሼ» አለች። ያቀበሏትን ግማሽ ብርቱካን ተቀብላ በላች።

የስብሰባው ክፍል ጠባብ ነው፤ ማሳያ ላይ የማይወጡ ጉድለት ያለባቸው ወንበሮች ናቸው የተደረደሩበት፤ ሁሉም ሰው የራሱን ወንበር ነውር ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ ከፊት፣ የሒሳብ ኃላፊዋ ከጎኑ፣ ጋሽ ካርዱ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ማያ ገጽ በዚያች ደቂቃ ድረ ገጹ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለና በየትኛው በር መጀመሪያ እንደመጣ ያሳያል። በዚህ ሰዓት ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ሰው ነው የሚኖረው። ሥራ አስኪያጁ «ነገሩን አናራዝመው። ደብዳቤና ካርድ ሁለት በሮች ናቸው፤ ሁለቱንም የምንመግብበት አቅም የለንም። ቆጣሪዋ ታቅርብና እንጨርስ» አለ። ልጅቱ ተነሣች። «ምልክቶቹ...» ብላ ስትጀምር የሒሳብ ኃላፊዋ ማያ ገጹን በእስክሪብቶዋ አመለከተች።

አሥራ ሁለት። ሃያ አንድ። ሠላሳ አራት። ቁጥሩ ዓይናቸው እያየ ይወጣል፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ደብዳቤ» የሚል ይነበባል። ልክ ስምንት ሰዓት ነበር። ልጅቱ እናቷ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን ስልክ አሰበች። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጨበጨበ። «እዩት! እዩት እንጂ! ስሟ ሲነሣ ይሮጣሉ! ሪፖርት ምን ያደርግልናል ከዚህ በኋላ?» የሒሳብ ኃላፊዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ «ሁሉም አልጋውን ነው የሚያዩት። ምነው፣ ሕዝቡ ሁሉ እንቅልፉ መጣ?» አለች። ስልሳ ሰባት ደረሰ። ጋሽ ካርዱ ማያ ገጹን ለረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ በደንብ የተሸነፈ ሰው ፊት ነበር። «እሺ፤ ሥራ ማለት ይሄ ነው። እኔማ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሰው ሰላም ብዬም አላውቅ» አሉ፤ ካፖርታቸውን ከወንበሩ ጀርባ ላይ ማንሣት ጀመሩ።

«ደንበኞች አይደሉም» አለች ልጅቱ።

ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«እናቴ ናት።»

«ስልሳ ሰባቱም?»

ነገረቻቸው። የሙከራውን ቅጂ፣ ቁጥሩን፣ ከአሥሩ ስምንቱን፣ እነሱ ሲቀነሱ ካርዱ ከሁሉ እንደሚበልጥ፣ በቅደም ተከተል ነገረቻቸው። ስትጨርስ ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። ከዚያ የሒሳብ ኃላፊዋ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተናወጠ። «እና ይህን ሁሉ ሰው የአልጋ ቁራኛ አደረገችው በይኛ!» አለች። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መታ፤ ከሳቁ የተነሣ ጉድለት ያለበት ወንበሩ ጮኸ። «ሴትዮዋን እንቅጠራት! በደመወዝ!» አለ። ሲስቁ ክፍሉ ሞቀ፤ ከደቂቃ በፊት ብቻዋን ቆማበት የነበረው ቅዝቃዜ ለቀቃት፤ እሷም ሳቀች። በዚህም አላቆመችም። ሳቁ እንዳይቋረጥ ፈለገች። «አንድ ሽማግሌማ አሉላት» አለች፤ ስልክ ከጆሮዋ እንዳራቀች አስመስላ፣ የእናቷን ድምፅ፣ የእናቷን የደከመ ጆሮ፣ «አልጋውን አዩልኝ ዛሬ?» የሚለውን ልመና ሁሉ አሟልታ፤ ቀጥላም የሽማግሌውን ሳል፤ «ያው ነው፤ ምንም ለውጥ የለውም!» የሒሳብ ኃላፊዋ እንባዋን ጠረገች። ያልሳቁት ጋሽ ካርዱ ብቻ ነበሩ። የካፖርታቸው አንዱ እጅጌ ገብቶ፣ ሌላው ተንጠልጥሎ ያዩዋት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሲበርድለት ካርዱ እንደሚቀጥል፣ የሦስቱ ወር ሪፖርት እንደገና ከመጀመሪያው እንደሚሠራ ተናገረ። «ያንቺን ነገር ደግሞ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን» አለ፤ ይህን ሲል አልሳቀም።

ጋሽ ካርዱ ደረጃው ላይ ጠበቋት። ልታመሰግን ይሁን ልትመሰገን ሳታውቅ ወደ እሳቸው ወረደች። አንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት ይዟል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ከምሳ በፊት?»

«ከምሳ በፊት።»

«እህ» አሉ። ሌላ ነገር የሚጨምሩ መስሏት ጠበቀች። ካርዶቹን ወደ ኪሳቸው ውስጥ ገፋ ገፋ አደረጓቸው። «እናትሽ ሰው አላት፤ ቀላል ነገር አይደለም» ብለው ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ታች ሲደርሱ የማሳያ አዳራሹን በር ቀስ ብለው ነው የዘጉት፤ ቢወረውሩት ይሻላት ነበር።

ቤት ስትደርስ ሳሎኑ ተወልውሎ፣ ሶፋው ላይ የሚነጠፈው ጨርቅ ተቀይሮ ነበር። እናትየዋ ጫማዋን እስክታወልቅ እንኳ አልታገሠችም። «ገቡ?» አለች። «ገቡ።» «ሁሉም? ልክ ስምንት ነው ያልኳቸው። የመንታዎቹ እናት ሥራ ቦታ ሆና ሽንት ቤት ገብታ ነው የከፈተችልሽ። ያቺ ባለ ፀጉር ቤቷ ደግሞ ሰው ፀጉር ላይ ቀለም እንደቀባች ትታ!» ስሞቹን በጣቷ እየቆጠረች፣ ማን ምን እየሠራ እንደገባ ስትዘረዝር ፊቷ የዓመት በዓል ልጅ ፊት ይመስል ነበር። ከዚያ የልጇን ፊት አየች፤ ጣቷ መንገድ ላይ ቀረ። «ምነው? ጎዳሁሽ እንዴ?»

ልጅቱ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ደንበኛ ያልሆነ ሰው መቆጠር እንደሌለበት፣ መቆጠሩ የሌላ ሰው እንጀራ ሊዘጋ እንደነበር፣ እሷም ስብሰባው ላይ እንዳስረዳች፣ በትንሹ ነገረቻት። እናትየዋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የሆነ ቤተሰብ ውጭ የሚጠብቃት፣ ወጥታ ክፉ ዜና የምትነግረው ይመስል። ከጎረቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ልጅቱ የምትይዘው ነገር አጥታ የቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ ዘጋችው።

«ሳቁ?» አለች እናትየዋ።

«ሳቁ።»

«በእኔ?»

«በእኔ ነው እንጂ። በአንቺማ ማን ይስቃል።»

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ አምናታለች። ትንሽ ቆይታ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ሳቅ ያለበት ማዘን ዓይኗ ላይ መጣ። «አንቺ ደግሞ እንደ ልማድሽ ፊትሽን ቋጥረሽ ቆምሽ አይደል? አውቅሻለሁ። ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ነው ልጄ። አብሮ ሲስቁት ነገሩ ይቀላል።»

«ስቄያለሁ እማ።»

«ኧረ! እውነትሽን ነው?» እናትየዋ እጇን ዘርግታ የልጇን ክንድ ያዘችው፤ ጭንቀቱ ከፊቷ ሲለቅ ታየ። «ጎበዝ» አለች፤ «ጎበዝ የኔ ልጅ»፤ እራት ልታሞቅ እስክትነሣ ድረስም ክንዷን አልለቀቀችውም።